ረጅም መብራት በገሱባ መንገድ

የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር መኪና ከማስነሳታቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለጎማው፣ ለፍሬኑ፣ ለመንገደኛውና ለከብቱ ሁሉ ይለምናሉ። "አሜን" ሲሉ ዓይናቸውን ይገልጣሉ፤ ጉዞ ይጀመራል። ማታ ማታ ግን ከ"አሜን" በፊትና በኋላ ብዙ ልዩነት እንዳልነበረ ያወቅኩት ሦስት ዓመት አብሬያቸው ከተጓዝኩ በኋላ ነው።

እኔ ሶዶ ተወልጄ ሶዶ ያደግኩ፣ ብዙ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ፣ አሁን ደግሞ በየወረዳው እየዞርኩ የትምህርት ቤቶችን ሥራ የምከታተል ሴት ነኝ። ብርሃን መስታወት ሲያገኝ እንዴት እንደሚመለስ፣ ውሃ ሲያገኝ እንዴት እንደሚሰበር፣ ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣልኩ ለስንቱ ተማሪ አስረድቻለሁ። የእኔው ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ግን አልተማርኩም። አርባ አምስትን ካለፍኩ ወዲህ፣ ማታ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ሁለት መብራት ያለው ነገር መሆኑ ቀረ። ከሩቅ ሁለት ነጭ መጥረጊያ ይመስለኛል፤ ሲቀርብ መጥረጊያው ይበተንና መንገዱንም፣ ዛፉንም፣ ሰውንም ጠርጎ ይወስዳል። ካለፈም በኋላ ዓይኔ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ሲዋኝ ይቆያል።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር "እንግዲያው አንቺ ቢሮ ተቀመጪና ሪፖርት አጠቃልዪ" እንደምባል አውቃለሁ። ሪፖርት ከማጠቃለል መጥረጊያ ማየት ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።

ሹፌራችን ወደ ስልሳ ተጠግተዋል። በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ዶሮ እንኳን ገጭተው አያውቁም ይባላል፤ ይህን አዘውትረው የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው። እሳቸውም ቤታቸው፣ እኔም ቤቴ በወላይትኛ ነው የምናወራው፤ መኪናው ውስጥ ግን የመንግሥት ሥራ ላይ ነን ብለን ነው መሰል አማርኛ እንናገራለን። በእሳቸው አማርኛ እኔ አንዳንዴ ወንድ ነኝ፣ አንዳንዴ ሴት። "ቲቸር፣ ተመልከት" ይሉኝና ወዲያው "ቀበቶሽን እሰሪ" ይላሉ። ለምጄዋለሁ።

ከሩቅ ወረዳ አምሽቶ መመለስ ሲኖር ሁሉም ሰው የሚመርጠው እሳቸውን ነበር። "ረጋ ብለው ይነዳሉ" ይባላል። በእርግጥም ይረጋሉ። ረጅም መብራቱን ያበራ የጭነት መኪና ገና ከሩቅ ብቅ ሲል ወደ ቀኝ ጠርዝ ይወጣሉ፣ ይቆማሉ፣ "ይለፍ፤ ትልቅን ማሳለፍ ነው" ይላሉ። ሞተር ሲመጣም ይቆማሉ፤ "ልጅ ነው፣ ይቸኩላል፣ ይለፍ።" ባጃጅ ሲመጣም ይቆማሉ፤ "ደሃ ነው፣ ይለፍ።" እኔ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ "ትሕትና ማየት ከፈለግክ የእኛን ሹፌር እይ" እለው ነበር። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰሞን ነበርና በጣም አስከፋሁት።

አንድ ጊዜ ከሶዶ ገበያ ቢጫ መነጽር ገዙ። ሻጩ "ሌሊቱን ቀን ያደርጋል" ብሏቸዋል። ሳምንት ሙሉ አደረጉት። መንገዱም፣ ከብቱም፣ እኔም በእሳቸው ዓይን ሽሮ መሰልን እንጂ ሌሊቱ ቀን አልሆነም። አንድ ምሽት አውልቀው እንደ መጥረግ አሉና "ያለ እሱ ይሻላል" ብለው መሳቢያው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ደግሞ የፊት መስታወቱን ከውስጥ በኩል በጋዜጣ እንድወለውል አዘዙኝ። "ከውጭ ያለው አቧራ አይደለም ጠላት፤ ከውስጥ ያለው ጉም ነው" አሉኝ። ወለወልኩ፤ ጥቁር ነገር ወጣ፤ እውነትም መብራቱ ትንሽ መበተኑን ቀነሰ። ሁለታችንም ደስ አለን። ሁለታችንም ችግሩ የመስታወቱ ነበር ብለን ደመደምን፣ እያንዳንዳችን በልባችን።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከጨለመ በኋላ "ቲቸር፣ ያ ከፊት ያለው ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቁኛል። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ የሚያጫውቱኝ ይመስለኝ ነበር። እኔም እመልሳለሁ። እውነቱን ለመናገር እያየሁ አልነበረም የምመልሰው፤ እያሰላሁ ነበር። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ፣ ምን ሊኖር ይችላል? የሚንቀሳቀስ ከሆነ "ላም ነች" እላለሁ። ካልተንቀሳቀሰ "ዛፍ ነው።" ድንገት ከጠፋ ደግሞ "ሞተር ነበር፣ ታጥፏል።" እሳቸው "እሺ" ይሉና በእኔ መልስ ልክ ይነዳሉ። እኔ የእሳቸውን ዓይን አምኜ ነበር የምገምተው፤ እሳቸው ደግሞ የእኔን ዓይን አምነው መሪውን ያዞራሉ።

ሶዶ ስንደርስ ጭንቁ የሚያበቃ ይመስላል፤ የመንገድ መብራት አለ። ግን ለእኛ የባሰው እዚያ ነበር። አዲሶቹ መብራቶች ረጃጅምና ነጭ ናቸው፤ ሁለቱ ቦግ ብለው ይበሩና ሦስተኛው ይጠፋል፤ ሰው ደግሞ መንገድ የሚሻገረው ሦስተኛው ሥር ነው። ሹፌራችን "መብራት የሰጡንን እግዚአብሔር ይባርካቸው" ይሉና እንደ ሰው እርምጃ ይነዳሉ። ከኋላ ባጃጆች ይጮኻሉ። አንዱ እያለፈ "አባት፣ ተኝተው ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። "ከተማ ውስጥ ፍጥነት ክልክል ነው" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። እኔም ከመብራቱ ሽሽት ጉልበቴን እያየሁ "ልክ ነዎት" አልኩ።

ይህ ሁሉ የተገለጠው በገሱባ የገበያ ቀን ነው።

ከገሱባ አልፎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበረን። ስብሰባው ረዘመ፤ ሲያልቅ መምህራኑ "ሳትቀምሱ አትሄዱም" ብለው ሙቹዋ የሚባለውን የእንሰት ምግብ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረቡልን፤ ስንነሳ ፀሐይ ጠልቃለች። ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ስለነበር ኮሮኮንቹ ላይ ውሃ ተኝቷል። ገሱባን አልፈን ትንሽ እንደሄድን፣ ከአንድ ኩርባ ኋላ የጭነት መኪና ድንገት ወጣ። ረጅም መብራቱ ሳያንስ ጣሪያው ላይ ባውዛ ደርድሯል። ያ ሁሉ ብርሃን መንገዱ ላይ ባለው ውሃ እየተመለሰ ከላይም ከታችም መጣብን። ቆሞ ለማሳለፍ ጊዜ አልነበረም።

"ቲቸር፣ ከፊት ምን አለ?"

"ምንም የለም" አልኩ። "መንገድ ነው።"

ይህን ያልኩት ምንም ስላላየሁ ነው። ምንም አለማየትና ምንም አለመኖር አንድ እንዳልሆኑ ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

በዚያው ቅጽበት የመኪናው አፍንጫ ላይ አንድ ነገር ድው ብሎ መታ፤ እንደ መዳፍ ያለ። የሴት ጩኸት ሰማሁ። ሹፌራችን ፍሬን ረገጡ፤ መኪናዋ ተንሸራተተችና ቆመች። የጭነት መኪናው እየጮኸ አለፈ። ዓይኔ ውስጥ አረንጓዴው ነገር እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ሲጠፋ፣ በራሳችን መብራት ፊት አቮካዶ ሲንከባለል አየሁ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ።

ተንደርድረን ወረድን። አንዲት እናት፣ እንደ ሹፌራችን ዕድሜ የሚሆኑ፣ ከቦዩ ውስጥ እየወጡ ነበር። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ከገበያ ያልተሸጠ አቮካዶ ተሸክመው ሲመለሱ መኪናችን በቀጥታ መጣባቸው፤ በመዳፋቸው መትተው ወደ ቦዩ ዘለሉ።

"ዓይን የላችሁም እንዴ?" አሉን በወላይትኛ።

በሌላ ቀን ይህ ስድብ ነው። ያን ማታ ግን ጥያቄ ነበር።

ሹፌራችን ኮፍያቸውን አወለቁ። "እናታችን፣ ተጎዳሽ? ምንሽን ነካሁሽ?"

"እኔስ ደህና ነኝ። ጫማዬን ፈልጉልኝ፤ አንዱ ወድቋል።"

ተንበርክከን መፈለግ ጀመርን። እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል፣ በዓይናችን ሳይሆን በእጃችን መሬቱን እየዳሰስን። ሴትዮዋ ከላያችን ቆመው ያዩናል። "እዚያ ነው። አጠገብህ። ኧረ እግርህ ሥር! አንቺ ደግሞ አቮካዶውን ረገጥሽው።" በመጨረሻ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አነሱ፤ ሹፌራችን ሁለት ጊዜ የዳበሱት ቦታ ላይ ነበር። ቀና ብለው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ።

"ሁለታችሁም?" አሉ።

ቤትዎ እናድርስዎት ስንላቸው ትንሽ አመነቱ። "እናንተ ናችሁ የምታደርሱኝ?" ብለው ሳቁ። የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው፤ እኔ ግን ለመሳቅ ድፍረት አልነበረኝም። ጋቢና ውስጥ መሃላችን ተቀመጡና፣ ሳንጠይቃቸው መንገዱን ይጠሩልን ጀመር። "ጉድጓድ። ወደ ቀኝ። ፍየል። አሁን ሰው ነው፣ ቀስ በል። ይሄ ሰው ሰክሯል፣ አርቀህ እለፈው።" በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ መንገድ ላይ ይህን ያህል ነገር እንዳለ አልሰማሁም ነበር።

ሌላ መኪና በረጅም መብራት ሲመጣ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ካለፈ በኋላ እጃቸውን አነሱና መጥራታቸውን ቀጠሉ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ከገበያ ስመለስ መኪናው እያሳወረኝ ስንት ጊዜ ቦይ ገባሁ" አሉኝ። "አሁን አንዱን ዓይኔን አስቀምጣለሁ። መብራቱ ያኛውን ይውሰደው። ሲያልፍ ያስቀመጥኩትን እገልጣለሁ፤ እሱ ጨለማውን አልረሳም።"

እኔ ስለ ዓይን ብሌን መስፋትና መጥበብ ፈተና ያወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ግን አንድም ቀን አላሰብኩትም።

ደጃቸው ስንደርስ ለእያንዳንዳችን አቮካዶ ሰጡን፤ ልንቀበል አፈርን፤ አለመቀበልም አሳፈረን። "ከእንግዲህ ቀን ቀን ሂዱ" ብለው መክረውን ገቡ።

ሶዶ መግቢያ ላይ ስንደርስ ሹፌራችን "ምንም የለም ነው ያልሽኝ" አሉ።

"አላየሁም፣ ጋሼ። መብራቱ ነው።"

"መብራቱ ነው" አሉ። "እሱ መብራት የማንንም ዓይን ያጠፋል።"

ጥፋቱን ሁሉ ለጭነት መኪናው ሰጠነው። ሩቅ ስለሄደ አልተከራከረንም። ቤቴ ገብቼ ግን እራት መብላት አቃተኝ፤ ያ መዳፍ የመታው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ባለቤቴ ምን ሆነሽ ሲለኝ "መንገዱ ጭቃ ነበር" አልኩት።

በሳምንቱ ከሻንቶ ስንመለስ መሸብን። አስፋልት ስለሆነ ተዝናንተናል። ከፊት አንድ ሚኒባስ ረጅም መብራቱን እንዳበራ መጣ። "ቲቸር፣ የእናታችንን ዘዴ ልሞክር" አሉና ግራ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወዲያው መኪናዋ ዝግ አለች። ቀስ ብለው ወደ ጠርዝ አወጧትና አቆሟት። ሚኒባሱ አለፈ።

"መብራታችን ጠፋ እንዴ?" አሉኝ።

"የምን መብራት?"

"የእኛ፤ የመኪናው።"

አልጠፋም፤ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ ይታየኛል። ግራ ዓይናቸውን ገለጡ፤ "አለ" አሉ። መልሰው ጨፈኑ፤ "የለም" አሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን እያነሱ አንዴ አንዱን ዓይናቸውን፣ አንዴ ሌላውን ይሸፍኑ ጀመር። አለ። የለም። አለ። የለም።

"ቀኙ የለም" አሉ በመጨረሻ። "ወተት ነው የሚያየው። መቼ ሄደ? እኔ ምንም ሳልሰማ መቼ ሄደ?"

እሳቸው መሪውን እያዩ ቀጠሉ። "ያ ሁሉ መኪና ሳሳልፍ በትሕትና መስሎሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ፈርቼ ነው። ሲመጣብኝ ዓለሙ ሁሉ ነጭ ይሆናል። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ቁልፉን ይቀበሉኛል፤ ከዚያ እኔ ምንድን ነኝ? እሷ ታያለች፣ የተማረች ናት፣ እሷ ትነግረኛለች ብዬ ነበር የምነዳው።"

ያኔ ዝም ማለት ነውር ሆነብኝ። "ጋሼ፣ ላም ነች ስልዎት የነበረው… ላም አልነበረችም።"

"ምን ነበር?"

"አላውቅም።"

ወደ እኔ ዞረው መሳቅ ጀመሩ። ግንባራቸውን መሪው ላይ አስደግፈው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቁ መሃል ላይ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። "ያቺ ሴት ሞታ ቢሆንስ?" አሉ። "ዶሮ አልገጨሁም እያልኩ፤ እናት ገድዬ ቢሆንስ?"

ያን ማታ እስከ ሶዶ አልነዱም። ገና ብዙ ስላልራቅን በሰው እርምጃ ወደ ሻንቶ መለስ ብለን መኪናዋን ከሚያውቁት ሰው ግቢ አስቀመጥንና በሚኒባስ ወደ ሶዶ ሄድን። የሚኒባሱ ሹፌር በአንድ እጁ እየነዳ፣ በሌላው ስልክ እያወራ፣ ረጅም መብራቱን አንድም ጊዜ ዝቅ ሳያደርግ ሶዶ አደረሰን። ሁለቱም ዓይኖቹ ደህና መሆናቸውን ስለማውቅ ምንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ሁለታችንም ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ለቢሮ "ባትሪ ሞቶብን ነው" አልን፤ ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ሐኪሟ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥላ እኔን፣ እያንዳንዳችንን በጨለማ ክፍል ውስጥ መረመረችን።

"ዘመድ ናችሁ?" አለች።

"የሥራ ባልደረቦች ነን" አልኩ።

"አባት፣ ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ሹፌር።"

እስክሪብቶዋ ቆመ። "ማታም ይነዳሉ?"

"ሲመሽብን።"

"ማታ እንዴት ነው መንገዱ የሚታይዎት?"

ሹፌራችን በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። "እሷ ትነግረኛለች።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ የእኔን ካርድ አንስታ እንደገና አነበበች፤ ከዚያ ሁለታችንንም በየተራ አየችን። ልትቆጣን ፈልጋ ሳቋ ቀደማት። ሳቋ ሲበርድ ግን በደንብ ተቆጣችን።

የእሳቸው የዓይን ሞራ ነው። ቀኙ በስሏል፣ ግራውም ጀምሯል፤ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። የእኔ ደግሞ የዓይኔ ፊት ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቁላል ሆኗል፤ መብራት የሚበተንብኝ ለዚያ ነው፤ መነጽር ይበቃኛል። ስለ ቢጫው መነጽር ስንነግራት ማታ ያለውን ጥቂት ብርሃን እንኳን የሚቀንስ ነው አለች። መብራት ሲመጣ መብራቱን ሳይሆን የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ማየት፣ ፍጥነት መቀነስ፣ መስታወት ማጽዳት፤ ይህን ሁሉ መከረችን። "ከሁሉም በላይ ግን" አለች "አንድ መኪና ውስጥ ቢያንስ አንድ የሚያይ ሰው ይኑር።"

ሹፌራችን ቀዶ ሕክምናውን ፈሩ። "ዓይን በምላጭ?" እያሉ ሦስት ሳምንት ተመላለሱ። ለእነዚያ ሳምንታት ቁልፉን ለሌላ ሹፌር ሰጥተው "ወገቤን አሞኛል" አሉ። በመጨረሻ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ወሰዷቸው። ሥራው እኛ ውጭ ተቀምጠን አንድ እፍኝ ቆሎ እስክንጨርስ አልቆየም።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሳ ባለቤታቸውና እኔ ፊት ለፊታቸው ቆመናል። ዓይናቸውን ገለጥ ከደን አደረጉ። መጀመሪያ ያዩት ባለቤታቸውን ነው። ብዙ አዩአቸው።

"መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?" አሉ።

"ልጆችህን ሳሳድግ ነዋ!" አሉ ባለቤታቸው፤ እያለቀሱ ነበር።

ወደ እኔ ዞሩ። "ቲቸር፣ ቀሚስህ ሰማያዊ ነው?" ሰማያዊ ነው፤ ሁልጊዜም እሱን ነው የምለብሰው።

ከዚያ መኪናዋን ካላየሁ አሉ። ወሰድናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንደ ገምጋሚ ዞሯት። "ይቺ ነጭ ነበረች አይደል?" አሉ። መከላከያዋ ላይ ጭረት አገኙ፤ በሩ ላይ ስርጉድ አገኙ፤ ከኋላ የተሰበረ ነገር አገኙ። "ይሄን ማን ነው የሠራው?" እያሉ በየተራ ጠየቁን። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የነዳት ሰው እምብዛም ስላልነበር ማንም አልመለሰም። አንዷን ጭረት በጣታቸው ዳበሱና "ይሄ እንኳን የዶሮ አይደለም" አሉ።

የእኔም መነጽር ደረሰ። በመጀመሪያው ምሽት አድርጌው ወደ ቤቴ በእግሬ ስሄድ፣ የመንገድ መብራቱ ሥር ምሰሶ እንዳለው አየሁ። ምሰሶው ላይ የጠፋች ልጅ ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ዝናብ አደብዝዞታል። በየቀኑ በዚያ አልፋለሁ። ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ለካ ልጅቷ ተገኝታለች፤ ከሥሩ በእስክሪብቶ "ተገኝታለች፣ እናመሰግናለን" ተብሎ ተጽፏል።

ሹፌራችን ወደ ሥራ ሲመለሱ አንድ ስህተት ሠሩ፤ ለኃላፊያችን እውነቱን ነገሯቸው። ከታከሙ በኋላ ከቦይ የወጡትን ያቺን እናት ባሰቡ ቁጥር መዋሸት አቅቷቸው ነበር። ቀኝ ዓይናቸው ያይ እንዳልነበር፣ ስንት ጊዜ እንደዚያው እንደነዱ፣ አሁን ግን ታክመው እንደሚያዩ፣ ሁሉንም። ኃላፊያችን አዘኑ፣ "እግዚአብሔር ይማርዎት" አሉ፤ በሁለተኛው ቀን ደብዳቤ ጻፉ። "የዓይን ሕክምና የተደረገላቸው ስለሆነ፣ ከከተማ ውጭ የማታ ጉዞ እንዳያደርጉ።"

ሳያዩ ሦስት ዓመት ያመላለሱን ሰው፣ ባዩ በወራቸው ታገዱ።

ደብዳቤውን ያለ መነጽር አነበቡት። "ጽሑፉ ጥሩ ነው" አሉ። "ይነበባል።"

በጣም ተከፍተው ነበር። ሐኪሟ የሚያዩ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት ጻፈችላቸው፤ ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ማታ የሚመልሰን ሌላው ሹፌር ነበር። ዓይኑ ንስር ነው። ረጅም መብራቱንም አያጠፋም። "ዝቅ አድርገው፣ ሰው እያሳወርክ ነው" ስለው "እነሱ መጀመሪያ ያድርጉ" ይላል። አንድ ምሽት በአዲሱ መነጽሬ፣ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች በመብራታችን ፊት ክንዳቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያነሱ አየሁ። "አቁምና አውርደኝ" አልኩት። ደነገጠ። ከምሬ መሆኑን ሲያይ መብራቱን ዝቅ አደረገ። እስከ ሶዶ አላናገረኝም፤ መብራቱን ግን ለሚመጣው ሁሉ ዝቅ እያደረገ ነዳ።

ኮሚቴው በመጨረሻ ተሰበሰበ። የማታ መንዳት ችሎታቸውን ለማረጋገጥ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ አዞሯቸው። አለፉ። እገዳው ተነሳ።

ግን ግራው ዓይን ገና ነበር። እሱም መነሳት ነበረበት። ሌላ ደብዳቤ ሌላ ኮሚቴ እንዳያመጣ፣ የፈቃድ ቅጹ ላይ ምክንያት በሚለው ቦታ "የቤተሰብ ጉዳይ" ብለው ጻፉ። "እውነት ለአንድ ዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል" አሉኝ። ዓይኑ እስኪድን ማታ እንዳይነዱ ግን ሁለታችን ተማምለን ነበር። ስለዚህ እኔ በሄድኩበት ትምህርት ቤት ሁሉ "ስብሰባው ስምንት ሰዓት ላይ ይለቅ፣ ልጆቹ ሩቅ ነው የሚሄዱት" እል ጀመር። ርዕሳነ መምህራኑ ለተማሪ የማስብ መስሏቸው አመሰገኑኝ።

ግራው ዓይናቸው ከዳነ በኋላ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሃላሌ ነው። በጊዜ ጨርሰን በዘጠኝ ሰዓት ተነሳን። ዝናብ ጥሎ አባርቷል። አንዱ ቁልቁለት ላይ መኪናዋን ጠርዝ አስያዙና አቆሙ። ከፊት የሚመጣ ማንም አልነበረም።

"ማንን ነው የምናሳልፈው፣ ጋሼ?"

"ማንንም" አሉ። ወረዱ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከታች ያለውን ሸለቆ፣ በየጎጆው ዙሪያ የቆመውን እንሰት፣ ከማዶ የሚወርደውን ውሃ ያዩ ጀመር። ብዙ ቆዩ።

"ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?" አሉኝ።

"ነበር መሰለኝ" አልኩ፤ እኔም ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩ።